የሱፐርማርኬት ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌርን ሥራ እንዴት እናስጀምር?

ሱፐርማርኬት የሚያስተዳድር ሰው የግዢ፣ የዕቃና የሽያጭ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለመግዛት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። በእኔ እምነት ግን የሥራውን ውጤት የሚወስነው በመጀመሪያ የሚገባው የዕቃ ዝርዝር ጥራት ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ ከመጫኑ በፊት ዝርዝሩን በኤክሴል አዘጋጅተው ይጨርሱ። የፋብሪካ ምርቶች በአብዛኛው ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ ስላላቸው ያንኑ ይጠቀሙ፤ እንደ አይብ ያሉ በኪሎ የሚሸጡ ዕቃዎች ግን ለሱቅ የውስጥ አገልግሎት የተተወው፣ በ2 የሚጀምረው ቁጥር ይሰጣቸው። ኤክሴል ረጅም ቁጥሮችን አሳጥሮ ስለሚያሳይ የባርኮዱን ዓምድ አስቀድመው ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹት መለኪያና የግዢ ዋጋ ናቸው። ለምሳሌ 24 ፍሬ የያዘ ካርቶን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ1,380 ብር ተገዛ እንበል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ይህንን እንደ አንድ ፍሬ ቢመዘግበው፣ ካርቶኑ ተሸጦ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ የ23 ፍሬ ጉድለት ያሳያል። ዋጋውም እንዲሁ ነው። ለታክሱ የተመዘገበና በግዢ ላይ የከፈለውን የሚያቀናንስ ነጋዴ የአንዱ ፍሬ ወጪ 50 ብር ነው፤ ታክሱን ጨምሮ በ69 ብር ቢሸጠው ደግሞ የራሱ ገቢ 60 ብር፣ ጥቅል ትርፉም 10 ብር ይሆናል። ወጪው ያለ ታክስ፣ መሸጫው ከነታክሱ ከተመዘገበ ግን ሪፖርቱ 19 ብር ትርፍ ያሳያል፤ ባለቤቱም በሌለ ገንዘብ ዋጋ ሊቀንስ ወይም ብድር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ዋጋዎች ያለ ታክስ እንዲያዙና ታክሱ ለብቻው እንዲሰላ ያድርጉ።

የመነሻ ቆጠራው ሱቁ ተዘግቶ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቆጥረው የሚያመሳክሩበት መሆን አለበት። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ለሚዘጋ ድርጅቶች ያ ምሽት እጅግ ተስማሚ ነው፤ ለሒሳብ መዝጊያ የሚደረገው ቆጠራ ለሶፍትዌሩም መነሻ ይሆናልና።

እያንዳንዱ ሠራተኛ በሶፍትዌሩ ውስጥ ምን መሥራት እንደሚፈቀድለት ለይተው ይወስኑ። ካሸር ዋጋ መለወጥም ሆነ የተመዘገበ ሽያጭ ብቻውን መሰረዝ አይገባውም፤ ዕቃ የሚረከብም ሰው የቆጠራ ልዩነት ራሱ እንዲያስተካክል አይፈቀድለት።

በየምሽቱ በሶፍትዌሩ የተመዘገበውን ሽያጭ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ ከሚያሳየው የመዝጊያ ሪፖርት) እንዲሁም በጥሬ ገንዘብና በባንክ ከገባው ጋር ያስታርቁ። በየሳምንቱም ውድና ፈጥነው የሚሸጡ ዕቃዎችን ብቻ መርጠው ይቁጠሩ። ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን ዝም ብሎ ማስተካከል ምክንያቱን ስለሚደብቅ፣ ብልሽት፣ ጊዜው ያለፈበት፣ የርክክብ ስሕተት ወይም ያልታወቀ ጉድለት ተብሎ ተለይቶ ይመዝገብ፤ የወሩ መጨረሻ ሪፖርት ገንዘቡ በየትኛው በር እየወጣ እንደሆነ የሚያሳየው በዚህ መልክ ሲያዝ ነው።