ለጥናትዎ የመረጡት ንድፈ ሐሳብ ከየትኛው ፓራዳይም ጋር ይሄዳል?

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ንድፈ ሐሳብንና ፓራዳይምን አንድ አድርገው ይጽፋሉ። ንድፈ ሐሳብ አንድ ነገር ለምን ወይም እንዴት እንደሚሆን ያብራራል፤ በመረጃ ይፈተናል፣ ይሻሻላል፣ ሊወድቅም ይችላል። ፓራዳይም ከሥሩ ያለው እሳቤ ነው፦ ማኅበራዊ እውነታ ምንድን ነው? በምንስ ይታወቃል? መጠይቅ በትኖ ይህን ማፍረስ አይቻልም። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ቶማስ ኩን እ.ኤ.አ. በ1962 የፓራዳይምን ሐሳብ ያቀረበው የተፈጥሮ ሳይንስን ታሪክ ይዞ ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ ግን ብዙ ፓራዳይሞች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ተመራማሪው የትኛው ላይ እንደቆመ መናገር አለበት።

በመጀመሪያ የጥናት ጥያቄዎን የማንንም ንድፈ ሐሳብ ስም ሳይጠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቀጥሎ ያሰቡት ንድፈ ሐሳብ በዓለም ላይ ምን ነገር "አለ" ብሎ እንደሚነሳ ይመርምሩ። ወንጀልን እንውሰድ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ባቀረበው የጫና ንድፈ ሐሳብ፣ ኅብረተሰቡ ሰው ሁሉ እንዲመኘው የሚያደርገው ግብና ወደዚያ የሚያደርሰው ሕጋዊ መንገድ አልመጣጠን ሲሉ ወንጀል ይበረክታል። እዚህ ላይ መዋቅሩ ከግለሰቡ ውጭ ያለ፣ ሊለካ የሚችል እውነታ ነው። በመፈረጅ ንድፈ ሐሳብ ለሚታወቀው ለሌላው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ለሃዋርድ ቤከር ግን (እ.ኤ.አ. 1963) ድርጊቱን ወንጀል የሚያሰኘው ሌሎች ሕግ አውጥተው አድራጊውን "ወንጀለኛ" ብለው መፈረጃቸው ነው። እውነታው የሚፈጠረው በሰዎች ግንኙነት ውስጥ ነው። ርእሰ ጉዳዩ አንድ ሆኖ ፓራዳይሙ ተለያየ።

ሦስተኛው ሥራ ዘዴውን ማመሳከር ነው፤ ብዙ ጥናት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ተማሪው የቤከርን የመፈረጅ ንድፈ ሐሳብ ይመርጥና ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" የሚል ባለ 5 ደረጃ መጠይቅ ያዘጋጃል። ፍረጃው በድርድር የሚፈጠርና የሚለዋወጥ መሆኑ ቀርቶ በቁጥር የሚለካ የተወሰነ ነገር (ቫሪያብል) ይሆናል፤ ንድፈ ሐሳቡ ሊያሳይ የፈለገው ሂደትም ከመረጃው ይጠፋል። ሂደቱን ለማየት ጥልቅ ቃለ መጠይቅና ምልከታ ይሻላሉ። መለካት ክልክል አይደለም፤ ሆኖም ጥያቄው "ፍረጃ እንዴት ይፈጠራል?" ከሚለው "ፍረጃ ምን ያስከትላል?" ወደሚለው መዞሩን በግልጽ ይጻፉ።

ሁለት ንድፈ ሐሳቦችን ማጣመር ከፈለጉ በአንድ ፓራዳይም ውስጥ ያሉት ይቀላሉ። ከተለያዩ ፓራዳይሞች ከሆነ የትኛው የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለይተው ያስቀምጡ። በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ለፓራዳይሙ አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ገጽ ሙሉ የፍልስፍና ታሪክ ከጥያቄው ጋር ካልተያያዘ ለአንባቢው አይጠቅምም።