ከመጠረዙ በፊት፦ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ የተማሪ ጽሑፍ ማረም ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ጥሩ የሚጽፉ ልጆች መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ የሚሠሩት ስህተት በየዓመቱ ያው ነው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳው ዓመት በፈረንጅ፣ ከአባት የተሰማው በእኛ፤ ሁለቱም ያለ ምልክት አንድ ገጽ ላይ። «አብዮቱ በ1974 ፈነዳ» ይልና ዝቅ ብሎ «ደርግ በ1967 ሥልጣን ያዘ» ይላል። አብዮቱ ሳይፈነዳ ሰባት ዓመት ቀድሞ! ሌላው ደግሞ ሁሉንም ዓመት ስምንት ቀንሶ ይመጣል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1896፣ ልዩነቱ 8። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1974፣ ልዩነቱ 7። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ፌስቡክ ላይ ግራ የገባው ሰው ከሥር ጽፎ ይጠይቃችኋል፤ የተጠረዘ ጽሑፍ ማንን ይጠይቃል? ከየዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ።

የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን ዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ላይ «ዘውዴ፣ ባ.» ማለት። የጻፉት ባሕሩ ናቸው፤ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። ዋቢ የሚያዘጋጅላችሁ ሶፍትዌር ስለገለበጠው ብቻ አትቀበሉት፤ በ«በ» ፊደል ሥር ይግባ። አማካሪያችሁ የግድ ይገልበጥ ካሉ ግን፣ ለዚህ ብላችሁ አትጣሉ።

«ሥራ» እና «ስራ» እያፈራረቁ መጻፍ። ኮምፒውተሩ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ያልፈዋል፤ አንዱን ምረጡና ጽኑ።

«ጥናቶች እንደሚያሳዩት»። የትኞቹ?

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቃላት ማበጥ ነው። ቴሌግራም ላይ «አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፉ ዛሬ ጉድ ነው» ብላ የምትጽፍ ልጅ፣ ጥናቷ ላይ «የትራንስፖርት ተጠቃሚዎች ሰልፍ ከመጨመር አኳያ ለውጥ ተስተውሏል» ብላ አመጣችልኝ። ምን ነካሽ እቴ? መቼ፣ ስንት ሰው አልኳት። ለካ ማታ ማታ እየቆመች ቆጥራለች፣ ሰዓቱንም ይዛለች፤ ሁሉም ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ቀርቷል። ያ ቁጥር እኮ ነው ጥናቱ! አንባቢ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል ሊላት የሚችለው በእሱ ብቻ ነው።

የቴሌግራም ጽሑፍ ራሱ ማስረጃችሁ ከሆነም አትፈሩት፤ የቻናሉን ስምና ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶውንም አንስታችሁ አባሪ ላይ አስገቡ። የለጠፈው ሰው ነገ ሊያርመው ወይም ሊያጠፋው ይችላል።