ቢ ኮምፕሌክስና ቫይታሚን ሲ፦ ለማን፣ ስንት፣ መቼ

ብዙ ሰው ሲደክመው የሚገዛው ቢ ኮምፕሌክስ፣ ማለትም ስምንቱን የቢ ቫይታሚኖች የያዘው ክኒን፣ ራሱ ጉልበት አይሆንም። ጉልበቱ ከእንጀራው፣ ከሽሮው፣ ከዘይቱ ነው የሚመጣው፤ ስምንቱ የቢ ቫይታሚኖች ምግቡ ወደ ኃይል ሲለወጥ ሥራውን ያግዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ የጎደለው ሰው ክኒኑን ሲጀምር ለውጡን ያየዋል። ያልጎደለው ሰው የሚያየው ግን ሽንቱ ደማቅ ቢጫ መሆኑን ብቻ ነው፤ ቢጫው ቢ2 ነው፣ ጉዳት የለውም። ቫይታሚን ሲም እንደዚያው ነው። በጣም ሲያንስ ድካምና መነጫነጭ ያመጣል፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ግን በሽንት ይወጣል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ ይፈልጉ።

እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቢ12 ነው። በጤፍ፣ በምስር፣ በጎመን ውስጥ የለም፤ ሊጡ መቡካቱም አይተካውም። ይሁን እንጂ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻውን ቢ12 አያሟጥጥም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። የሚያሰጋው በፍስክም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማይቀምስ ሰው ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ሳያቋርጥ የሚውጥ፣ የቆየ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ወይም ጨጓራው ወይም አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሰውም እዚሁ ይመደባል። እነዚህ ሰዎች ሥጋ ቢበሉም ከምግቡ የሚመጠጠው ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ድካሙ ከሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት)፣ ስኳር፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) እና ከተቻለ ቢ12 ይመርመሩ። በሲቢሲው ላይ ኤምሲቪ (የቀይ ደም ሴል መጠን) የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከ100 በላይ ከሆነ የቢ12 ወይም የፎሌት (ቢ9) እጥረት ይጠረጠራል፣ ከ80 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ነው። ሁለቱም አብረው ከጎደሉ አንዱ ሌላውን ስለሚደብቅ ቁጥሩ ልክ መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ ፌሪቲን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ድካም በአብዛኛው የአይረን ነው፣ ቢ ኮምፕሌክስ አይነካውም። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም የማይለቅ ሳል ካለ ደግሞ ክኒኑን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለፀጉር የሚሸጠው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊግራም ባዮቲን (ቢ7) የታይሮይድና የልብ ምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል። ደም ከመስጠትዎ በፊት እንደሚወስዱት ይናገሩ፤ አስቸኳይ ካልሆነ ሁለት ሦስት ቀን ያቁሙት።

ዕቃው ላይ ያለውን ማንበብ

የአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት ትንሽ ነው፦ ቢ1 እና ቢ2 ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊግራም፣ ናያሲን (ቢ3) ከ14 እስከ 16 ሚሊግራም፣ ቢ6 1.3 ሚሊግራም ገደማ፣ ፎሌት 400 ማይክሮግራም፣ ቢ12 2.4 ማይክሮግራም። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ቢ-50 ወይም ቢ-100 የሚባለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥንካሬው ጥራቱን አያሳይም። ለዕለት ተዕለት አነስተኛው ይበቃል።

ቢ12 ላይ ትልቅ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ። ሆድ በተለመደው መንገድ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 2 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ካለው የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጁ ገደማ ነው። ባለ 1000 ማይክሮግራሙ የተሠራው በዚህ ስሌት ነው።

የሚያስፈራው ቢ6 ነው፤ ስሙ ፓይሪዶክሲን ተብሎ ይጻፋል። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 100 ሚሊግራም ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2023 ወደ 12 ሚሊግራም አውርዶታል። ብዙ ቢ6 ለወራት ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል፤ እግርና እጅ ይደነዝዛል፣ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላል፣ ውስጥ እግር ያቃጥላል። ክፋቱ ሰዎች ቢ1-ቢ6-ቢ12 ክኒን የሚገዙት ለዚሁ መደንዘዝ መሆኑ ነው። ሕመሙ ሲብስ መጠኑን ይጨምራሉ፤ በአንዳንዱ ክኒን አንድ ፍሬ ላይ 200 ሚሊግራም ቢ6 አለ። መልቲ ቫይታሚን፣ ቢ ኮምፕሌክስና ኢነርጂ ድሪንክ አብረው የሚወስዱ ከሆነ ሦስቱም ላይ ያለውን ቢ6 ይደምሩ።

ፎሊክ አሲድን (በክኒን የሚሸጠውን ፎሌት) ብቻውን ለደም ማነስ አይጀምሩ። የጎደለው ቢ12 ከሆነ ደሙ ቢስተካከልም ነርቭ መጎዳቱን ይቀጥላል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ግን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ።

እንክብል ከሆነ ሽፋኑን ያጣሩ። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ስለሚሠራ ለጿሚም ለሙስሊምም አይመችም፤ ጠፍጣፋ ክኒን ወይም ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን ያለውን ይምረጡ።

ቫይታሚን ሲ

ሴት በቀን 75፣ ወንድ 90 ሚሊግራም ይፈልጋሉ፤ አጫሽ 35 ይጨምርበታል። አንድ መካከለኛ ዘይቱን ወይም አንድ ትልቅ ጥሬ ቃሪያ የቀኑን ይሸፍናል፤ የጾም ስንግ ቃሪያ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ጎመን ሲቀቀል ግን ብዙውን ያጣል። ክኒን ካስፈለገ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም በቂ ነው፤ ከ1 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ግማሹም አይመጠጥም። ጣሪያው በቀን 2000 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። የኩላሊት ጠጠር የነበረበት ሰው ባለ 1000ውን ይተወው።

በውኃ የሚሟሟውን በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ያሟሙ፣ መፍላቱ እስኪያበቃ ይጠብቁ፣ ወዲያው ይጠጡ። አንዱ ፍሬ ከ200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ሊኖረው ስለሚችል የደም ግፊት ላለበት ተራው ክኒን ይሻላል። የሚታኘከውን አፍ ውስጥ አያቆዩት፣ ጥርስ ይበላል።

አወሳሰድ

ቢ ኮምፕሌክስን በባዶ ሆድ መዋጥ ያቅለሸልሻል፤ ከቁርስ በኋላ ይውሰዱ። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ያድርገው። ማታ ሲወስዱት እንቅልፍ የሚነሳዎ ከሆነ ወደ ጠዋት ያምጡት። ናያሲን ኒኮቲኒክ አሲድ ከሆነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ኒኮቲናማይድ ያለበት እንደዚያ አያደርግም።

አይረን ከጎደለዎት ቫይታሚን ሲውን ከምስሩ ወይም ከአይረን ክኒኑ ጋር ይውሰዱ፤ ቡናና ሻይ ለመጠጣት አንድ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ቡናው የሚያግደው አይረኑን ነው።

ለጭንቀት ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ያው ቢ ከሲ ጋር ነው። በጥናቶች የታየው ጥቅም መጠነኛ ነው፤ አራት ሳምንት ይሞክሩት፣ ለውጥ ካላዩ መግዛቱን ያቁሙ። አሽዋጋንዳ የተባለው ዕፅ የተጨመረበትን ነፍሰ ጡር ሴት፣ የታይሮይድ መድኃኒት ወይም የእንቅልፍ ክኒን የሚወስድ ሰው አይንካው። ቢ12 ጎድሎ ከሆነ ደግሞ አራት ሳምንት አይበቃም፤ የነርቭ ምልክት ለመሻሻል ወራት ይፈጃል፣ ሆድ የማይመጥ ከሆነም ሕክምናው ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ከሚወስድ ሰው ሐኪም ያዘዘው ቢ6 አይቆረጥም። ሜቶትሬክሴት (ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለካንሰር የሚታዘዝ መድኃኒት)፣ የሚጥል በሽታ ወይም የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ብዙ ቫይታሚን ሲ አንዳንድ የስኳር መለኪያ ማሽኖችን ያሳስታል።

ማድቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት። ቫይታሚን ሲ እርጥበት ሲነካው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ይጣል። ከክዳኑ ውስጥ ያለውን ማድረቂያ አያውጡ። የሚያልቅበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ በአሜሪካ ዕቃ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፣ በአውሮፓ ቀኑ ከወሩ። 05/08 የሚል ካዩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ሜይ 8 ይሁን ኦገስት 5 አይገምቱ።