ብዙ ቦታ የዞረ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ እንዴት ይመዘናል?

ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሲዘዋወር የኖረን የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ በጠቅላላ ድምሩ መመዘን ያሳስታል። ለመለማመጃ የሉ ሆልዝን መዝገብ እንያዝ፦ በስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 249 ድል፣ 132 ሽንፈት፣ 7 አቻ።

መጀመሪያ ድምሩን በየቦታው በትኑት (ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ድል፣ ሽንፈትና ካለ አቻ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊልያም ኤንድ ሜሪ 13-20፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 33-12-3፣ አርካንሳስ 60-21-2፣ ሚኒሶታ 10-12፣ ኖትር ዳም 100-30-2፣ ሳውዝ ካሮላይና 33-37። መልሳችሁ ስትደምሩ 249 ካልመጣ ያለቦታው የገባ ቁጥር አለ። በ1976 ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር ያስመዘገበው 3-10 የፕሮፌሽናል ስለሆነ እዚህ አይገባም። ሌላው ወጥመድ የቦውል ጨዋታ፣ ማለትም ከመደበኛው የውድድር ዘመን በኋላ የሚደረገው ጨዋታ፣ ነው፦ ሚኒሶታ በ1985 ኢንዲፔንደንስ ቦውልን ሲያሸንፍ ሆልዝ ወደ ኖትር ዳም ሄዶ ስለነበር ድሉ የተተኪው ነው። በረዳትነት የሠራባቸውን ዓመታትም ለብቻ ጻፉ፤ ሆልዝ ረዳት የነበረበት የ1968ቱ የኦሃዮ ስቴት ዋንጫ የሚቆጠረው ለዋናው አሰልጣኝ ለዉዲ ሄይስ ነው።

ለመቶኛው አቻን እንደ ግማሽ ድል ቁጠሩ። ኖትር ዳም፦ 101 ለ132 ሲካፈል 76.5 በመቶ። ሳውዝ ካሮላይና ግን 47 በመቶ ብቻ ይወጣዋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ይፈርዳል።

ስለዚህ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዓመት ከጎኑ አስቀምጡ። ሳውዝ ካሮላይና በ1998 1-10 ነበር። በ1999፣ በሆልዝ የመጀመሪያ ዓመት፣ 0-11 ሆነ፤ በ2000 8-4፣ በ2001 9-3። የመጀመሪያው ዓመት ተጫዋቾች በአብዛኛው የቀድሞው አሰልጣኝ ምልምሎች ናቸውና የአዲሱ እጅ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው በደንብ የሚታየው። ኖትር ዳምም በ1985 5-6፣ ሆልዝ በገባበት በ1986 ያው 5-6 ነው። የ1986ን ውጤቶች አንድ በአንድ ስታዩ ግን ከስድስቱ ሽንፈቶች የአምስቱ ልዩነት ተደምሮ 14 ነጥብ ብቻ ነው። በ1988 12-0 ሆኖ የአገሪቱ ሻምፒዮን ወጣ።

ይህ መለኪያ ወደ ሌላውም ጎን ይሠራል። አርካንሳስ በ1976 ከነበረበት 5-5-1 ሆልዝ በመጣበት ዓመት ወደ 11-1 ዘለለ፤ ቡድኑን የመለመለው ግን የቀድሞው አሰልጣኝ ፍራንክ ብሮይልስ ነበርና ምስጋናውን አካፍሉ። የዚያን ውድድር ዘመን መዝጊያ የኦሬንጅ ቦውል ድል ግን ለሆልዝ ስጡት፦ ከዋና አጥቂዎቹ ሦስቱን በዲሲፕሊን አግዶ፣ ተቀያሪው ሮላንድ ሴልስ ኳስ ይዞ 205 ያርድ ሮጦለት፣ ኦክላሆማን 31-6 አሸነፈ።