መሀል አዲስን ከላይ ለማየት፦ ከልደታ እስከ ስታዲየም በቀላል ባቡር

ኬብል ካር ባይኖረንም ከተማዋን ከላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ቀላል ባቡሩ አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ከ2008 ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ የአያት ጦር ኃይሎቹም የቃሊቲውም ከልደታ እስከ ስታዲየም ባንድ ድልድይ ላይ ነው የሚያልፉት ስለዚህ ወደ ስታዲየም የሚሄድ የቱም ቢመጣ ግቡ።

ሰዓቱን ግን ምረጡ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ከሰው ጀርባ በቀር ምንም አታዩም፣ እሁድ ረፋድ ይሻላል። ቲኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፣ እስክትወርዱ አትጣሉት፣ ስልካችሁን የፊት ኪስ ውስጥ አድርጉ።

ከልደታ ስትሳፈሩ በግራ በኩል መስኮት ያዙ። ተግባረ ዕድን አልፋችሁ ሜክሲኮ ላይ ወደ ታች እዩ፣ የታክሲው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያችኋል ድምፁ ግን አይሰማም፣ እሱን ሳይ ሁሌ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ 209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ህንፃ በግራ ይመጣል። ለገሃር ላይ ቶሎ ወደ ቀኝ ዙሩ፣ የድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ እዛ ነው፣ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" (ባቡር ጣቢያው) የመጣ ነው።

ስታዲየም ውረዱና መስቀል አደባባይ ድረስ በእግር ሂዱ፣ ቅርብ ነው።