እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ሌሰን ፕላን ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እዚህ ባህር ዳር እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፣ ልጆቹ ግራመር ያውቃሉ ግን አፋቸውን አይከፍቱም ምናምን። እኔ ግን የብዙዎቻችንን ፕላን ሳይ ልጆቹ የሚናገሩበት ቦታ ጭራሽ የለም፣ ቲቸሩ ያብራራል፣ ቲቸሩ ኖት ይጽፋል፣ ቲቸሩ ይጠይቃል፣ ለተማሪው ደሞ "በጥሞና ይከታተላል" ተብሎ አንድ መስመር ይሰጠዋል። ነገ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ለሚጠብቀው ልጅ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ዘንድሮ ማስተማር ለጀመራችሁና ከፔዳ (ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ለምትወጡ ልጆች ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት ያለው አላማው ላይ ነው። "ተማሪዎች ኮምፓራቲቭ አድጀክቲቭን ይረዳሉ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ግን ፔሬዱ ሲያልቅ መረዳታቸውን በምን ታውቃላችሁ? መረዳት አይታይም አይሰማም፣ ስለዚ ተማሪው ሲሠራው የምታዩትን ወይ ሲለው የምትሰሙትን ነገር ጻፉ፣ ለምሳሌ "ተማሪው ሁለት ነገር እያወዳደረ 3 ዓረፍተ ነገር ለጓደኛው ይናገራል" በሉ። የሚወዳደረውን ነገር ደሞ ከመጽሐፉ ብቻ አትፈልጉ። 2016 ላይ የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይና አሮጌውን ድልድይ የማያውቅ የባህር ዳር ልጅ የለም፣ የቱ ይረዝማል፣ የቱ ይሰፋል፣ የቱ ያምራል በሏቸው፣ በተለይ የመጨረሻዋ ላይ መስማማት ስለማይችሉ ሳያስቡት በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ። ሎንገር፣ ዋይደር፣ ሞር ቢዩቲፉል ሶስቱም እዛው ይመጣሉ፣ "ሞር" መቼ እንደሚገባም የምታሳዩት ያኔ ነው።

ያምናውን ፕላን ቀን ቀይሮ መገልበጥስ? የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርምበት ይሆናል፣ የዘንድሮዎቹ ልጆች ግን ያምናዎቹ አይደሉም። በቃ ይሄን አታድርጉ።

ሰአት አከፋፈል ላይ ደሞ ፎርሙ ራሱ ያሳስተናል። ኢንትሮዳክሽን 5፣ ፕረዘንቴሽን 25፣ ስታቢላይዜሽን (ማጠናከሪያ) 5፣ ኢቫሉዌሽን 5 ብለን እንሞላና 40 ደቂቃው አለቀ፣ ታዲያ ልጁ የሚለማመደው መቼ ነው? ደሞ ወረቀት ላይ ያለው 40 ክፍል ውስጥ 40 አይደለም፣ ሰሌዳ እስኪጠፋ፣ አቴንዳንስ እስኪያዝ፣ ያረፈደው እስኪገባ ደቂቃው ይሄዳል። የእኔ ምክር፣ ማብራሪያችሁን ወደ 10 ደቂቃ ጨምቁትና ከፕረዘንቴሽኑ ሳጥን ውስጥ 15ቱን ለተማሪው ስጡ፣ እሷንም ጊዜ ሲያጥር የምትቆረጥ ሳይሆን የማትነካ አድርጓት። የሚቆረጠው የናንተ ወሬ ይሁን።

"ግሩፕ ዲስከሽን" ብሎ ብቻ መጻፍም ሌላው ነው። 60 ልጅ ባለበት፣ አንድ ዴስክ ላይ ሶስት ሶስት ሆነው በሚቀመጡበት ክፍል "ተወያዩ" ማለት ጩኸት ነው የሚያመጣው። ማን ወደማን እንደሚዞር ፕላኑ ላይ ይጻፍ፣ 1ኛ፣ 3ኛ እና 5ኛ ዴስክ ያሉት ወደኋላ ይዞሩና ስድስት ስድስት ይሆናሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ይጠይቃሉ፣ ሶስቱ ይመልሳሉ፣ ከዛ ይቀያየራሉ። ትእዛዙንም በምትሉት ቃል በቃል፣ በቀላል እንግሊዝኛ ቤታችሁ ጻፉት፣ ክፍል ውስጥ ስትፈጥሩት ይረዝማል። "ገባችሁ?" አትበሉ፣ ሁሉም "የስ ቲቸር" ነው የሚለው። "ስንት ዓረፍተ ነገር ነው የምትሠሩት? የሚጽፈው ማነው?" ብላችሁ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ጠይቁት።

ልጆቹ የት እንደሚሳሳቱ አስቀድሞ አለማሰብ ደሞ እኔን በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም የኛን ልጆች አፍ እኛ ካላወቅነው ማን ያውቀዋል። ፕረዘንት ፐርፌክትን ውሰዱ። በአማርኛ "ትላንት አይቼዋለሁ" ብንል ምንም ችግር የለውም፣ ስለዚ ልጁ "አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ" ይላል፣ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ቋንቋው እንደዛ ስለለመደ ነው። ፕላናችሁ ላይ "ሊሳሳቱ የሚችሉበት" የሚል አንድ መስመር ጨምሩና ማረሚያዋን አብራችሁ ጻፉ፣ እዚህ ጋ "ጊዜው መቼ እንደሆነ ተናግረሃል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይበቃል፣ የስተርደይ ካለ ፓስት ሲምፕል ነው፣ "አይ ሶው ሂም የስተርደይ"። እቃን ሁሉ ሂ እና ሺ ማለትም፣ ፒ እና ቪ ድምፆች ላይ መሳሳትም እዚሁ መስመር ላይ ይገባሉ።

ሊስኒንግ ላይ ስፒከር ከሌለ የምታነቡት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚ ቴክስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ አታንብቡት። ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ የት እንደምትቆሙ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥያቄውን ደሞ ከማንበባችሁ በፊት ስጧቸው፣ መጀመሪያ "ወሬው ስለምንድነው?" የሚል አንድ ብቻ፣ ዝርዝሩን በሁለተኛው ንባብ። ከንባቡ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የሚፈትነው የማስታወስ ችሎታን ነው።

የመጨረሻው፣ ፔሬዱ ሲያልቅ ፕላኑን አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት። "አስተያየት" የሚለው ሳጥን ላይ "ጥሩ ነበር" ብላችሁ አትለፉ፣ ለሳምንቱ ምንም አይነግራችሁም። ስታፍ ሻይ እየጠጣችሁ ሁለት መስመር ጻፉ፣ "8ለ ላይ ግማሹ ክፍል ሞር ሎንገር ብሏል፣ ሀሙስ በ5 ደቂቃ ልመለስበት፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት አልተናገሩም፣ ከነሱ ልጀምር"።