ከውጭ የገባ የጭነት መኪናን ወሎ ላይ ማስመርመርና ማስመዝገብ

የጭነት መኪና ከውጭ አስመጥቶ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ሊያስጀምር ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው ቀረጡ ነው። ቀረጡ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ገንዘቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ጉዳዩን የሚያጓትተው ብዙውን ጊዜ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ከሰነዱ ጋር አለመስማማቱ ነው።

ግዥው ከመፈጸሙ በፊት መኪናው እንዲገባ የሚፈቀድ ዓይነት መሆኑን አጣርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. እንደተከለከሉ ይታወሳል፤ የአስመጪነት ደንብ በአጭር ጊዜ ሊለወጥ ስለሚችል የደላላን ቃል ሳይሆን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርን እና የጉምሩክ ኮሚሽንን ወቅታዊ መመሪያ መያዝ ይበጃል። ያገለገለ መኪና ከሆነ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ዕድሜው በገፋ መጠን ታክሱም ሊጨምር ስለሚችል፣ ርካሽ የመሰለው አሮጌ መኪና ቀረጡ ሲሰላ ከአዲሱ የሚወደድበት ጊዜ አለ። መሪው በቀኝ በኩል የሆነ መኪና ደግሞ፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ባይገዛ ይሻላል።

መኪናው በየትኛውም የጉምሩክ ጣቢያ ይለቀቅ፣ ባለቤቱ ወይም የጉምሩክ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ትራንዚተር ከግቢው ሳይወጣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ራሱ አጎንብሶ ማንበብ፣ ፎቶ ማንሳትና ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ቀረጥ ሰነዱ)፣ ከዕቃ ማስጫኛ ሰነዱ እና ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር አለበት። ዓለም አቀፉን ሥርዓት የተከተለ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አሃዞች አሉት፤ ከላቲን ፊደላት መካከል አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡበትም። ስለዚህ ክብ ሆኖ የሚታየው ምልክት ምንጊዜም ዜሮ ሲሆን፣ ቀጥ ያለውም አንድ ነው። ጸሐፊው በዜሮ ፈንታ ኦ ብሎ ከመታው፣ እርማቱን ሰነዱን ካወጣው ጣቢያ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መኪናው በባቲ በኩል ተጉዞ ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ ግን ለአንዲት ፊደል ሲባል የደብዳቤ ምልልስ ይጀመራል።

የባለቤቱ ስምም እንዲሁ ነው። ሰይድ፣ መሐመድ ወይም ይማም የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ብዙ መልክ ስላላቸው፣ ሻጩ ደረሰኙን ሲያዘጋጅ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ጋር የተመዘገበውን አጻጻፍ አስቀድሞ መላክ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ምዝገባው የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን፣ የሚፈጸመውም የመመዝገብ ሥልጣን በተሰጠው የክልሉ ትራንስፖርት መዋቅር ነው። የቀረጥ ሰነዱ ዋናው፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ እንደ ሥራው ዓይነት ንግድ ፈቃድ፣ በወኪል ከሆነም የውክልና ማስረጃ ይቀርባል። ዋናውን ሰነድ ከማስረከብ በፊት ኮፒ ማስቀረት የግድ ነው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ እዳና እገዳው በፋይሉ ላይ ይሰፍራል፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው እንዳይዞር ገደብ ይኖርበታል።

የቴክኒክ ምርመራው ከሁሉ ይበልጥ ዝግጅት ይጠይቃል። መርማሪው አስቀድሞ የሚያየው ማንነቱን ማለትም ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ቀለሙን፣ የካሶኒውን (የጭነት ሳጥኑን) ስፋትና ርዝመት፣ የመጫን አቅሙን ነው፤ ቀጥሎም ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ጎማ፣ ጭስና የፍጥነት መገደቢያ ይፈተሻሉ። ወደብ ላይ ብዙ የቆመ መኪና የፍሬን ከበሮው ዝጎ፣ የፍሬን ንፋስ ቱቦው ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ንፋሱን ሞልቶ ሞተሩን በማጥፋት የንፋስ ግፊት ጌጁ ይወርድ እንደሆነ መጠበቅ ጋራዥ ሳይገባ የሚሠራ ሙከራ ነው። የግራና የቀኝ ጎማ የፍሬን ኃይል እኩል ካልሆነ በፍተሻ ማሽኑ ላይ ወዲያው ይታያል። ይህን እንደ ወረቀት ግዴታ ብቻ የሚቆጥር ሰው የሐረጎን ቁልቁለት አያውቅም፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ጭነት የያዘ መኪና በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልወረደ ፍሬኑ ይግላል። የጎማውንም ዕድሜ ከጎኑ ማንበብ ይቻላል፤ በአራት አሃዝ ከተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ። 2319 የሚል ጎማ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ ነው አይባልም።

ካሶኒ ማስረዘም ወይም ጎኑን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ባለቤት አስቀድሞ አስፈቅዶ፣ ከምርመራው በፊት ይጨርስ። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ከወጣ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ዳግም ምርመራና የሰነድ ማስተካከያ ያስከትላል።

ምርመራውን ያለፈ መኪና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ከተገባለት በኋላ ሰሌዳውን፣ ሊብሬውንና ዓመታዊ ምርመራ ማለፉን የሚያሳየውን ቦሎ ያገኛል። ቦሎው በየዓመቱ በምርመራ ይታደሳል። ሊብሬውን የተቀበለ ሰው ከመስኮቱ ሳይርቅ ስሙን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የጭነት ልኩንና የነዳጁን ዓይነት አንድ በአንድ ያንብብ፤ ስህተት ከተገኘ መዝገቡ እዚያው ክፍት ሳለ ይታረማል።